ፍራሽ በባልዲ አይታጠብም

ባለፈው ሐምሌ የእህቴ ልጅ እኛ ቤት አደረ። አራት ዓመቱ ነው። ማታ ሁለት ብርጭቆ ጭማቂ ግጥም አድርጎ ተኛ፣ ጠዋት ያው እንደሚጠበቀው ፍራሹ ርሷል። እኔ ገና ከእንቅልፌ ሳልነቃ አክስቴ «ተዉት፣ እኔ አለሁ» ብላ ባልዲ ሙሉ ውሃ በኦሞ በጥብጣ ፍራሹ ላይ ገለበጠችው። የልጁ ሽንት አንድ ብርጭቆ አይሞላም ነበር፣ የአክስቴ ውሃ ግን አሥር ሊትር ነው። ፀሐይ የለም። ፍራሹ ኮሪደር ላይ ግድግዳ ተደግፎ ሁለት ሳምንት ከረመ፣ በአጠገቡ ያለፈ ሁሉ በጣቱ ጫን ሲያደርገው ከታች አረፋ ያለው ውሃ ጠብ ይላል። በመጨረሻ የሽንቱ ሽታ ጠፋና በምትኩ የሻጋታ ሽታ መጣ።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት ይቺን ያዙልኝ፦ እድፉ ላይ ላዩን ነው፣ ውሃው ግን ሆድ ውስጥ ይገባል። ስፖንጅ ውሃ ሲጠጣ ፈጣን ነው፣ ሲመልስ ግን ልብ ያወልቃል። ስፕሪንግ ፍራሽ ከሆነ ደግሞ ብረቱ ይዝግና ዝገቱ ወደ ላይ ወጥቶ ሌላ እድፍ ይሆናል።

አዲስ እድፍ ከሆነ ሩጡ። አንሶላውን ግፈፉ፣ የፍራሹ ልባስ ዚፕ ካለው አውልቃችሁ ለብቻው እጠቡት (ብዙ ሰው ዚፑ መኖሩንም አያውቅም፣ አንድ ጊዜ ዞር ዞር ብላችሁ ፈልጉት)። ከዚያ ደረቅ ፎጣ ጣል አድርጋችሁ በጉልበታችሁ ተጫኑት። አትሹት፣ ሲታሽ እድፉ ወደ ጎንም ወደ ታችም ይሰፋል። ፎጣው ሲርስ ደረቁን ጎን አዙሩ፣ ምንም እስከማይመጣ ድረስ። ግማሹ ሥራ እዚህ ያልቃል።

ሽንት ከሆነ ቀጣዩ አቼቶ ነው። ነጩን አቼቶ ከውሃ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅሉና በሚረጭ ጠርሙስ እድፉ ላይ እርጩ፣ እንዲረጥብ ብቻ፣ እንዳይጨቀይ። አሥር ደቂቃ ያህል ቆዩና እንደገና በደረቅ ፎጣ ተጫኑት። የአቼቶው ሽታ አያስጨንቃችሁ፣ ሲደርቅ ይሄዳል። ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ ነጭ እስኪሆን ድረስ ነስንሱበትና ቢያንስ ስምንት ሰዓት ተዉት፣ ቢያድር ደግሞ ይሻላል። በኋላ በልብስ ብሩሽ ማራገፍ ነው፣ ቫኪዩም ያለው በቫኪዩም ይሳበው።

ስትገዙ ቤኪንግ ፓውደር እንዳይሰጧችሁ ካርቶኑን አንብቡ። ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ነው የሚቀመጡት። ፓውደሩ ስታርች ስላለበት እርጥበት ሲያገኝ ይቦካል፣ ፍራሽ ላይ ሊጥ ማራገፍ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው።

ደግሞ በየቦታው አቼቶና ሶዳውን በአንድ ዕቃ ቀላቅሉ ሲባል ትሰማላችሁ። ሲቀላቀሉ ቱፍ ብሎ አረፋ ይወጣል፣ ሰውም አረፋውን አይቶ «እየሠራ ነው» ይላል። አንዱ አሲድ ነው፣ ሌላው የአሲድ ማርከሻ፣ ተገናኝተው ሲጨራረሱ የሚተርፋችሁ ጨዋማ ውሃ ብቻ ነው። ተራ በተራ ተጠቀሙባቸው።

የቆየ ቢጫ እድፍ ላይ አቼቶ ብዙም አያመጣም። እዚህ ላይ ፋርማሲ ለቁስል ማጠቢያ የሚሸጠው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነው የሚፈለገው፣ ባለ 3 ፐርሰንቱ። ለፀጉር ቀለም የሚሸጠው ከዚህ በጣም ይበረታል፣ እሱን ተዉት። አንድ ብርጭቆ ፐርኦክሳይድ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ሁለት ሦስት ጠብታ ላርጎ። ሶዳው በደንብ እስኪቀላቀል በጥብጡና ወዲያው እድፉ ላይ አድርጉት። የተረፈውን ክዳን ዘግታችሁ አታስቀምጡ፣ ጋዝ ስለሚያመነጭ ጠርሙሱን ያፈነዳዋል። መጀመሪያ ጥግ ላይ ሞክሩት፣ ባለቀለም ጨርቅ ያነጣል። እኔ ሦስት ዓመት የቆየ ክብ እድፍ ላይ ሞክሬው በአንድ ቀን ደብዘዝ አለ፣ በሁለተኛው ዙር ካልነገሯችሁ አታዩትም።

በረኪና? በፍጹም። ሽንት ውስጥ አሞኒያ አለ፣ አሞኒያ ከበረኪና ሲገናኝ ሳንባ የሚጎዳ ጋዝ ይወጣል። ከአቼቶ ጋርም እንደዚያው፣ የሚወጣው ክሎሪን ነው። ፐርኦክሳይዱንም ከአቼቶ ጋር አንድ ጠርሙስ ውስጥ አትጨምሩ። መስኮት ክፈቱ፣ ልጆቹን ከክፍሉ አስወጡ።

ደም ላይ ሙቅ ውሃ እንዳይነካ። ደም ልክ እንደ እንቁላል ነው፣ ሙቀት ሲያገኝ ይረጋና ክሩ ላይ ይጣበቃል። በቀዝቃዛ ውሃ የረጠበ ጨርቅ፣ ትንሽ ጨው፣ መጫን፣ ጨርቅ መቀየር፣ እንደገና መጫን። ከቀረ ፐርኦክሳይዱን ብቻውን ጠብ አድርጉበት። ነጭ አረፋ ጭስስ ብሎ ይነሳል፣ አረፋውን በጨርቅ ስታነሱት ቡናማው አብሮ ይመጣል። አረፋ ማውጣቱን እስኪያቆም ደጋግሙት።

አሁን ደግሞ ማንም የማያወራው፣ ቅቤ። ቅቤ ተቀብቶ የሚተኛ ሰው ያለበት ቤት ያውቀዋል። ሻሽ ቢታሰርም ቅቤው ትራሱን አልፎ ራስጌው ላይ ክብ ይሠራል፣ ከሳምንታት በኋላም መከርፋት ይጀምራል። እዚህ አቼቶም ሶዳም ብቻቸውን አይበቁም፣ ቅባት የሚያነሳው ሳሙና ነው። መጀመሪያ የበቆሎ ስታርች ወይም የሕፃን ፓውደር ነስንሳችሁ አንድ ሰዓት ቅባቱን ይምጠጥ፣ አራግፉት። ከዚያ ትንሽ ላርጎ በለብታ ውሃ እስኪያረፋ ምቱና አረፋውን ብቻ በስፖንጅ ዘግናችሁ እድፉን እሹ፣ ከታች ያለውን ውሃ አትንኩ። በረጠበ ጨርቅ አንሱት፣ በደረቅ ፎጣ ተጫኑት። የወጥ ዘይትም እንደዚሁ ነው። የአልጫ ቢጫ እልኸኛ ይመስላል ግን የእርድ ቀለም ፀሐይ አይችልም፣ ቅባቱን ካስለቀቃችሁ በኋላ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ሲያገኝ እየፈዘዘ ይሄዳል። ቡና ከሆነ ላርጎና አቼቶ በውሃ ቀላቅሎ ጠብ ጠብ ማድረግ፣ ሌላ ጥበብ የለውም።

እድፍ የሌለው፣ ዝም ብሎ የሚሸት ፍራሽም አለ። የላብ ነው፣ የዓመታት። ብዙ ቤት የሚደረገው ዕጣን ማጨስ ወይም ሰንደል መለኮስ ነው፣ ዕጣኑ እስኪጠፋ ደስ ይላል፣ ከዚያ ዕጣንና ላብ የተቀላቀለበት ሦስተኛ ሽታ ይወለዳል። መጀመሪያ ሽታውን አውጡት፦ ሶዳ በሙሉ ፊቱ ላይ፣ ይደር፣ ይራገፍ፣ በማግስቱ የታችኛው ገጽ። ከዚያ ዕጣኑን እንደፈለጋችሁ አጭሱ።

ሻጋታ ግን ሌላ ነው። ሲሚንቶ ወለል ላይ በቀጥታ የተነጠፈ ፍራሽ ከሥር ጥቋቁር ነጠብጣብ ያወጣል፣ በተለይ በክረምት። ልባሱ ላይ ብቻ ከሆነ ውጭ አውጥታችሁ በደረቅ ብሩሽ አራግፉት፣ አፍና አፍንጫችሁን ሸፍናችሁ፣ ከዚያ አቼቶ፣ ከዚያ ፀሐይ። ስፖንጁ ውስጥ ከገባ ግን ጣሉት። አስም ያለበት ሰው ወይም ሕፃን ካለ ጭራሽ አታመንቱ።

ማድረቁ ላይ ደግሞ ስንፍና አያዋጣም። ፍራሹን አቁሙት፣ በሁለቱም በኩል አየር እንዲያገኘው ግድግዳው ላይ ሙሉ ለሙሉ አታስደግፉት። በረንዳ ያለው ፀሐይ ያውጣው፣ ልባሱ የወለቀ ባዶ ስፖንጅ ግን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ሲሰነብት ቢጫ ይሆንና መፈርፈር ይጀምራል፣ እሱ ጥላ ያለበት ነፋሻ ቦታ ይበቃዋል። ክረምት ከሆነ ቬንቲሌተር ቅርብ አድርጋችሁ አዙሩበት፣ በየተወሰነ ሰዓት ገልብጡት።

ላስቲኩንም አውልቁ እባካችሁ። ፍራሹ እንዳይቆሽሽ ተብሎ ከሱቅ የመጣበት ላስቲክ ውስጥ ሁለት ዓመት የሚተኛበት ቤት አለ። ላቡ መውጫ አጥቶ እዚያው ይቀራል። ልጅ የሚሸናበት ከሆነ ታጥቦ የሚመለስ ውሃ የማያስገባ የፍራሽ ልባስ ግዙ፣ ካልሆነም አሮጌ ብርድ ልብስ አጥፋችሁ ከአንሶላው ሥር አንጥፉ።

አንሶላ ከማልበሳችሁ በፊት እድፉ የነበረበት ቦታ ላይ ሁለት ሦስት እጥፍ ደረቅ ሶፍት አድርጉና ከባድ መጽሐፍ ጫኑበት። ከሩብ ሰዓት በኋላ አንሱት። ሶፍቱ ቀዝቀዝ ወይም እርጥብ ካለ ዛሬም ሶፋ ላይ ነው የምታድሩት።