ትንሿ መላጊያ አልነክስ ስትል

ምላጩን ስላችኋል። እንጨቱን ሞርሳ ላይ አስራችኋል። ሚስማር እንደሌለበት አይታችኋል። እሱን አልደግምም። የምጽፈው ከዚያ ሁሉ በኋላም እምቢ ስትል ምን እንደሆነች ነው። ስለ ትልቋ መላጊያ አይደለም። ስለ ሦስት ትንንሾች ነው፤ በአንድ እጅ ስለምትያዘው፣ የወንዴውን (ሌላው እንጨት ቀዳዳ ውስጥ የሚገባውን ምላስ) ትከሻ ስለምታስተካክለው፣ የማጠፊያ ጉድጓድ ወለል ስለምትጠርገው። ተክለሃይማኖት ባለችኝ ጠባብ ቤት ከእነሱ ጋር ስጣላ ነው የምውለው።

የአንድ እጇ ትንሸራተታለች እንጂ አትነክስም

ደጃፌ የሚመጣው አብዛኛው ችግር ይሄ ነው። ምክንያቱም አንድ ነው፤ ምላጩ ተገልብጦ ገብቷል።

ትልቋ መላጊያ ላይ የተሳለው ተዳፋት (ወደ ስለቱ የሚያዘነብለው የምላጩ ጎን) ወደ ታች ያያል። እጃችን እሱን ለምዷል። ትንሿ ግን ተቃራኒ ናት፤ ተዳፋቱ ወደ ላይ ነው የሚሆነው። ሂሳቡን እዩት። ምላጩ የሚተኛበት አልጋ በአንዳንዶቹ 12 ዲግሪ ነው፣ በሌሎቹ 20። ተዳፋቱ 25 ነው እንበል። ወደ ላይ ካደረጋችሁት 12 እና 25 ተደምሮ እንጨቱን በ37 ዲግሪ ያገኘዋል። ከገለበጣችሁት ግን የተዳፋቱ ተረከዝ ከስለቱ ቀድሞ እንጨቱን ይነካል። ስለቱ አየር ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ታዲያ በምን ይንከስ? ምላጩን ወደ ታች ብታስወጡትም ተረከዙ አብሮ ይወርዳል።

ባለፈው ክረምት አንድ ልጅ መጣ። «ጋሼ፣ ይቺ ብረቷ ፌክ ናት» አለኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ሲስላት ከርሟል። ግራ ክንዱን አየሁት፤ ከአንጓው እስከ ክርኑ ፀጉር የለም። ስለቱን እዚያ ላይ ሲሞክር ነው የላጨው። ምላጩ እንደ ጉድ ይቆርጣል፣ መላጊያዋ ግን ዋንዛው ላይ እንደ በረዶ ትንሸራተታለች። አውጥቼ ገለበጥኩና መለስኩለት። የመጀመሪያው ፍቅፋቂ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተጠቅልሎ ወጣ። ልጁ ዝም አለ። ከዚያ «ጋሼ፣ ለአለቃዬ እንዳትነግርብኝ» አለ። በማግስቱ አለቃው ራሱ ሌላ መላጊያ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ያችም ተገልብጣለች።

አንድ ጊዜ ደግሞ አንዱ ተበሳጭቶ ማጥበቂያዋን በፒንሳ አዙሮ የብረቱን ክዳን ሰንጥቆታል። ይሄ ቀልጦ የተቀረጸ ብረት ነው፣ አይታጠፍም፣ ይሰበራል። በጣት ብቻ አጥብቁ። ፒንሳ የነካው መላጊያ ይዛችሁ አትምጡብኝ።

ምላጩ በትክክል ገብቶም ካልነከሰ ጠፍጣፋውን ጎን እዩ። ትንሿ ላይ ታች ሆኖ እንጨቱን የሚታከከው እሱ ነው። የሚያልቀውም እሱ ነው። ሰው ግን ተዳፋቱን ብቻ ይስላል። ጠፍጣፋውን ጎን በማርከር ቀቡት። ደቃቅ ድንጋይ ላይ አስተኝታችሁ አምስት ስድስት ጊዜ እሹት። ቀለሙ ስለቱ ጫፍ ላይ ከቀረ ድንጋዩ ገና አልደረሰበትም፣ ቀጥሉ። ቀለሙ ከጫፉ ሲጠፋ ያኔ ነው የተሳለው።

በግራይንደር የምትስሉ ደግሞ፣ እባካችሁ ውሃ አጠገባችሁ ይኑር። ጫፉ ሰማያዊ ከሆነ ሙቀት በልቶታል፣ ስለት አይዝም። ሰማያዊው እስኪያልቅ ቀስ ብሎ ከመብላት ሌላ መድኃኒት የለውም።

ነክሳ ትንቀጠቀጣለች

ምላጩ አልጋው ላይ ሙሉ በሙሉ አልተኛም። አዲሶቹ ርካሾች ላይ ፋብሪካው አልጋውንም ሳይቀር ቀለም ቀብቶ ይልከዋል! በቀለም ላይ የተኛ ምላጭ ይወዛወዛል። በሞረድ ቀለሙን ብቻ አንሱ፣ ብረቱን አትብሉ።

ሆዷ (እንጨቱ ላይ የምትሄድበት ታችኛው ፊቷ) ጠማማ ከሆነ ወፍራም መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ለጥፋችሁ እሹት። ምላጩን ወደ ውስጥ ሳቡት እንጂ አታውጡት፤ ክዳኑም እንደ ሥራ ሰዓት ይጥበቅ። ሲጠብቅ ገላዋ ትንሽ ይጎብጣል። ምላጭ አውጥታችሁ ያስተካከላችሁት ሆድ መልሳችሁ ስታጠብቁ ያው ይጠማል።

የትከሻ መላጊያዋ ደረጃ ትሠራለች

ወንዴውን ስታስተካክሉ ማዕዘኑ ላይ እንደ ደረጃ እየቀረ ይሄዳል። የዚች ምላጭ ከገላዋ የፀጉር ያህል መስፋት አለበት። ወደ አንድ ጎን ከተገፋ በሌላው በኩል ገላዋ ግድግዳውን እየታከከ ምላጩ አይደርስም። ክዳኑን አላሉትና በሚሠራው ጎን ጣት ሲያልፍበት ያዝ እንዲያደርግ አድርጉት። ምላጩ ከገላዋ ከጠበበ ግን ለሻጩ መልሱ። የምላጩን ጎን በግራይንደር መብላትማ አይታሰብ። ገላዋም 90 ዲግሪ መሆኑን በስኳድራ እዩ።

የጉድጓድ መላጊያ እየቆየች ወደ ታች ከገባች፦ ወፍራም እየቆረጣችሁ ነው፣ ስለቱም ራሱን ወደ ታች ይስባል። ብዛቱን በመሮ አውጡ፣ እሷ ትጥረግ ብቻ።

የበሩ ጥግ ተገነጠለ

በር ከታች ወይም ከላይ ስትልጉ ቋሚው ጎን ላይ የሚገጥማችሁ የቃጫው ጫፍ ነው። አንድ አቅጣጫ ብቻ ከገፋችሁ መጨረሻው ተገንጥሎ ይወድቃል። ከሁለቱም ጥግ ወደ መሃል ልጉ። ወይም ጥጉ ላይ ሌላ እንጨት በሞርሳ ደግፉ።

ሌላም አለ። ክረምት ላይ እርጥበት ጠጥቶ ያበጠ በር ጥቅምት ላይ ይሟሽሻል። አራት ኪሎ አንዲት እናት በራቸውን በነሐሴ እንደ ልብ ላግኩላቸው። በኅዳር ደወሉ። «ልጄ፣ አሁን ደግሞ ድመት ይገባበታል» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ በነሐሴ እስኪዘጋ ድረስ ብቻ እልጋለሁ፣ የቀረውን በጋ ላይ አያለሁ።

ስትገዙ

ከአዲሱ ርካሽ ይልቅ ምናለሽ ተራ ያለ አሮጌ ይሻላል፣ ግን አፉን (ምላጩ ወደ ታች የሚወጣበትን ክፍተት) ተመልከቱ። አፍ አካባቢ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካለ ተዉት። ምላጩ ምን ያህል እንደቀረው አውጥታችሁ ለኩ። ዝገት አያስፈራም፣ ጥልቅ ጉድጓድ ከሌለው። የስታንሊ 60½ ወይም 9½ (የአንድ እጇ መላጊያ ሞዴል ቁጥሮች ናቸው) ካገኛችሁ ብሎኖቹ ሙሉ መሆናቸውን እዚያው ቆማችሁ አረጋግጡ። ክራቸው የራሳቸው ነው፣ ሱቅ ያለው የሜትሪክ ብሎን አይገባባቸውም። «ትንሽ ብትገፋው ይገባል» የሚላችሁ ሰው ካለ መላጊያዋን ይዛችሁ ሂዱ።