ቡናው ትንሽ ይቆይ፦ የጾም ምግባችን ለደማችን እንዲደርስ

ጾም ሲገባ ድካም ይበረታል። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራል፣ ከመቀመጫ ብድግ ሲሉ ራስ ያዞራል፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዓይን አልገለጥ ይላል። ብዙ ሰው «ሥጋ ስለተውኩ ነው» ብሎ ያልፈዋል። እስቲ የበያይነቱን ትሪ ልብ ብላችሁ እዩት። ምስሩ አለ፣ ሽሮው አለ፣ ጎመኑ አለ፣ ከሥር ደግሞ የጤፍ እንጀራው አለ። ሁሉም ብረት አላቸው። ታዲያ ብረቱ የት ይሄዳል? አብዛኛው ሳይመጠጥ በአንጀት አልፎ ይወጣል። ምን ያህሉ ሰውነት ውስጥ እንደሚቀር በጣም የሚወስነው ከምግቡ ጋር አብሮ የቀረበውና ከላዩ ላይ የምንጠጣው ነገር ነው። ይህን ማስተካከል ደግሞ ወጪ የለውም።

ብረት ምን እንደሚሠራ በአጭሩ። ደማችን ውስጥ ኦክስጅንን ከሳንባ ተሸክሞ ወደ ጡንቻና ወደ አንጎል የሚያደርሰው ሄሞግሎቢን ነው፤ እሱ ያለ ብረት አይሠራም። ብረት ሲጎድል ሄሞግሎቢን ይቀንሳል፣ ልብ ማካካስ አለባትና ቶሎ ቶሎ ትመታለች፣ ሰውም ትንሽ ሠርቶ ይደክማል። አዋቂ ወንድ በቀን 8 ሚሊግራም ይበቃዋል። የወር አበባ የምታይ ሴት 18፣ ነፍሰ ጡር ደግሞ 27 ሚሊግራም ያስፈልጋታል። ስለዚህ እናቶች፣ እህቶች፣ ይህ ከሁሉም በላይ የእናንተ ጉዳይ ነው። አንድ ብርጭቆ ሙሉ የተቀቀለ ምስር ከ6 ሚሊግራም በላይ ብረት አለው፣ ወደ 18 ግራም ፕሮቲንም ይሰጣል። ቀላል አይደለም። ግን የእህልና የጥራጥሬ ብረት እንደ ሥጋ ብረት በቀላሉ አይመጠጥም፤ ስለዚህ ልንረዳው ይገባል።

ከቡናው እንጀምር። ቡናም ሻይም ብረቱን አንጀት ውስጥ እያሉ የሚይዙ ንጥረ ነገሮች አሏቸው። ሻይ እንዲያውም ከቡና ይብሳል። በዓቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ቆይቶ ለሚበላ ሰው ያ የመጀመሪያ ምግብ ለቀኑ ትልቁ ነው፤ እጅ ተታጥቦ ሳይደርቅ አቦል ከደረሰ የምስሩ ብረት ጉልህ ክፍል ተበላሸ ማለት ነው። ቡና ተዉ እያልኩ አይደለም፣ ማንስ ይሰማኛል። ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት፣ ቢቻል ሁለት ሰዓት አቆዩት። ዘዴው ቀላል ነው፦ ትሪው ሳይነሳ ከሰል አታያይዙ። ሁሉም በልቶ ይጨርስ፣ ዕቃው ይነሳ፣ ከዚያ ቡናው ይታጠብ፣ ይቆላ፣ ጭሱን አሽትቱ፣ ይወቀጥ፣ ጀበናው ይፈላ። አቦል እስኪቀዳ ሥርዓቱ ራሱ ጊዜውን ይበላዋል። ጠዋት ፍርፍር በሻይ የሚበላም ሻዩን ከምግቡ ይለየው፤ ከፍርፍሩ ጋር ውኃ ይበቃል።

ቡና ብረቱን እንደሚይዘው ሁሉ ቫይታሚን ሲ ደግሞ እንዲመጠጥ ያደርገዋል፣ ያውም በጣም። እኛ ዘንድ ደግሞ ሞልቷል። ጥሬ ቃሪያ በክብደት ከብርቱካን የበለጠ ቫይታሚን ሲ አለው፣ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ቃሪያ ስንግ ለጌጥ ትሪ ዳር የሚቀመጥ ነገር አይደለም እኮ! ቃሪያውን በቁመቱ ሰንጥቁት፣ ፍሬውን አውጡ፣ ደቀቅ ያለ ሽንኩርትና ቲማቲም በጨውና በሎሚ አሽታችሁ ሙሉበት፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ ይድረሰው። ጨጓራ ያለበት ሰው ቃሪያውን ትቶ የቲማቲም ሰላጣ ይብላ፣ ወይም ፓፓያ፣ ብርቱካን ወይም ዘይቱን ከምግቡ ጋር ይውሰድ። አንድ ነገር ብቻ አትርሱ፦ ቫይታሚን ሲ እሳት አይወድም። ሎሚ የሚጨመቀው ወጡ ከወረደና ትንሽ ከበረደ በኋላ ነው። ወጥ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲንተከተክ የቆየ ቲማቲም ለጣዕም ጥሩ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን በጥሬው የተቆረጠው ይበልጣል።

ይህን ሁሉ በአንድ ሳህን የያዘ ምግብ ንገሪኝ ብትሉኝ አዚፋ ነው የምላችሁ። ድፍን ምስሩን ሌሊት ዘፍዝፉት። ጠዋት ውኃውን ድፉና በአዲስ ውኃ ቀቅሉት፣ ሳይፈርስ አውጡት። ጠንፍፋችሁ አቀዝቅዙት፣ በማንኪያ ጀርባ ግማሽ ያህሉን ጨፍልቁት። ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ በጥብጣችሁ ያስቀመጣችሁት ሰናፍጭ፣ ጨውና ትንሽ ዘይት ጨምሩበት፣ በመጨረሻ ሎሚውን በደንብ ጭመቁ። ምስሩ ብረቱን ይሰጣል፣ ሎሚውና ቃሪያው ያስገቡታል፣ የሚቀርበው በቀዝቃዛው ስለሆነም ቫይታሚኑን የሚያጠፋ እሳት የለም። በየቀኑ ቢበላ አልጠላም።

እንጀራውስ? ጤፍ ብረቱ ብዙ ነው ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። እውነት ነው፣ ግን በላቦራቶሪ ከሚለካው ብረት የተወሰነው አውድማ ላይ ሲወቃ የተቀላቀለ አፈር ስለሆነ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። ሌላው ደግሞ እህልና ጥራጥሬ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አጥብቆ የሚይዝ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አለ። እሱን የሚሰብረው እርሾው ነው። ሊጡ ሁለት ሦስት ቀን ተብላልቶ ሲጋገር ፋይቴቱ በጣም ይቀንሳል። ውጭ አገር ያላችሁ፣ በቤኪንግ ፓውደር በዚያው ቀን የሚጋገረው እንጀራ ዓይን አለው፣ ይጠቀለላል፣ ግን ይህን ሥራ ለመሥራት ጊዜ አላገኘም። ከተቻለ በእርሾ አቡክታችሁ አቆዩት። ባቄላና ሽምብራም እንዲሁ ነው፤ ዘፍዝፋችሁ ውኃውን ድፉት፣ ሆድ መንፋቱም ይቀንሳል። ከዚያም የሚሻለው ጉንቁል ነው፦ የተዘፈዘፈውን ባቄላ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ እስኪያጎነቁል ማቆየት፣ ከዚያ አጥቦ በደንብ መቀቀል። እናቶቻችን የሚያውቁት ነገር ነው።

ጎመን ላይ አንድ ነገር ልበል። የሐበሻ ጎመንና ቆስጣ አንድ አይደሉም። ቆስጣ ኦክሳሌት የሚባል ነገር ስለሚበዛበት ካልሲየሙን ራሱ ይዞ ያስቀረዋል። ወተት በማይጠጣበት ወቅት ለአጥንት የሚሆን ካልሲየም የምትፈልጉ ከሆነ የሐበሻ ጎመንን አስቀድሙ። ጎመን፣ ካሮትና ዱባ ውስጥ ያለው፣ ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚቀይረው ነገር ደግሞ ያለ ቅባት አይመጠጥም። ትንሽ ዘይት ግድ ነው። ትንሽ ግን! ጣት ሲነከር ዘይት የሚንጠባጠብበት በያይነቱ ከዚህ የተለየ ጥቅም የለውም።

ፕሮቲን ያን ያህል አያስጨንቅ። እህል የሚጎድለውን ጥራጥሬ ይሞላል፣ ጥራጥሬ የሚጎድለውን እህል ይሞላል። የጸሎተ ሐሙስ ጉልባን፣ ስንዴውና ባቄላው አብረው ተቀቅለው፣ በትክክል ይህን ያደርጋል። ሽሮ በእንጀራም ያው ነው። ቆጮ የሚዘወተርበት ቤት ግን ቆጮ ፕሮቲኑ በጣም ትንሽ ስለሆነ ባቄላ ወይም ሽምብራ ከጎኑ አይጥፋ። ተልባ ለልብ የሚጠቅም ቅባት አለው፤ ሳይፈጭ ከተበላ ግን እንደገባ ይወጣል። በትንሽ በትንሹ አመስ አድርጋችሁ ፍጩት፣ ብዙ ፈጭቶ ማስቀመጥ ቅባቱን ያበላሸዋል።

ምንም ብታቀናብሩት ከጾም ምግብ የማይገኝ ነገር አለ፤ ቫይታሚን ቢ12። ከእንስሳት ተዋጽኦ ውጭ የለም ብላችሁ ያዙት። ጉበት ለዓመታት የሚበቃ ስለሚያከማች 55 ቀን ጾሞ በፍስኩ እንቁላል፣ ወተትና ሥጋ ለሚበላ ሰው አያሳስብም። ዓመቱን ሙሉ የእንስሳት ተዋጽኦ የማይቀምስ ሰው ግን ከሐኪም ጋር ተመካክሮ ክኒኑን ይውሰድ። አረጋውያን ቢበሉትም በደንብ ላይመጠጥላቸው ይችላል፤ እጅና እግራቸው ከደነዘዘ ወይም መርፌ መርፌ ካላቸው «እርጅና ነው» ብላችሁ አትለፉት፣ አስመርምሯቸው።

ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከጾሙ በፊት ከንስሐ አባቷም ከሐኪሟም ጋር ትነጋገር። ጤና ጣቢያ የሚሰጠውን የብረትና የፎሊክ አሲድ ክኒን በውኃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ትዋጠው፣ በሻይ ወይም በወተት በፍጹም። ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጥ፣ ከክኒኑ ነው። ለሕፃናት ደግሞ እባካችሁ ሻይ በዳቦ አትስጡ። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ይበቃቸዋል፤ ከዚያ በኋላ ከጡቱ ጋር ወፈር ያለ ገንፎ፣ የተፈጨ ምስር፣ እንቁላል፣ ፓፓያ።

ይህን ሁሉ እያደረጋችሁም ድካሙ ካልለቀቀ፣ የታችኛው የዓይን ሽፋን ውስጡ ከነጣ፣ ወይም አፈር ብላ ብላ ካላችሁ፣ ሄሞግሎቢን ተለኩ። ከጣት ጥቂት ደም ነው የሚወሰደው። ደም ማነስ በአንጀት ትልም፣ በብዙ የወር አበባ፣ በሌላም በሽታ ይመጣል፣ በምስር ብቻ አይድንም። አዋቂ ወንድ ወይም የወር አበባዋ የቆመ ሴት ደም አነሳችሁ ከተባሉ በተለይ፣ ሆድ ውስጥ ሳይታወቅ የሚፈስ ደም ሊኖር ስለሚችል ክኒን ገዝተው ከመዋጣቸው በፊት ሐኪም ይያቸው።