«በትኩረት ይሠራል» የሚል ዕጩን እንዴት መጠየቅ ይቻላል?

ከ2013 ዓ.ም. ምርጫ በፊት ሰፈራችን ውስጥ ዕጩዎች የተገኙበት ስብሰባ ነበር። የመናገር ዕድል ደረሰኝና ስለ ውኃ አነሣሁ። ጀሪካኑን፣ ሌሊት ተነሥተው ቧንቧ የሚጠብቁትን እናቶች፣ የመንገዱንና የመብራቱን ነገር ሁሉ ደርቤ ተናገርኩ። ቤቱ አጨበጨበልኝ። መድረክ መሪው «ጥያቄዎችን እንሰብስብ» ብሎ የአሥር ሰው ካጠራቀመ በኋላ አንደኛው ዕጩ ተነሣና «የተነሡት ሐሳቦች ገንቢ ናቸው፤ በትኩረት ይሠራባቸዋል» አለ። ለእሱም ተጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ። ምንም እንዳልተመለሰልኝ የገባኝ ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሁለተኛ ስብሰባ ስለተጠራ እስከዚያ ድረስ ሥራዬን ሠራሁ።

1. ማኒፌስቶውን በጽሑፍ ያግኙ። በቴሌግራም የሚዞረውን ፎቶ ያለበት ጥቅስ ይተዉት፤ ሙሉውን ሰነድ ከፓርቲው ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ። ቢቻል ወረቀት ላይ ይታተም፤ ስልክ ላይ ሲያነቡት ሁሉም ጥሩ ይመስላል።

2. ግሡን ይያዙ። ዋናው ሥራ እዚህ ላይ ነው። «ይፈታል»፣ «ይመቻቻል»፣ «አቅጣጫ ተቀምጧል»፣ «ምቹ ሁኔታ ይፈጠራል»። አማርኛችን ለዚህ ነገር ክፉኛ ይመቻል፤ ድርጊቱ ይነገርና አድራጊው ይጠፋል። ውኃው ይዳረሳል ተባለ፤ የሚያዳርሰው ግን ማን ነው? እኔ ሰነዱን ይዤ እንዲህ ባለው ግሥ ሁሉ ጎን «ማን?» እያልኩ ስጽፍ አንዱ ገጽ በቀይ እስክሪብቶ ሞላ።

ሌላው ወጥመድ «ማስፋፋት»፣ «ማሳደግ»፣ «ማጠናከር» ነው። መነሻና መድረሻ ካልተነገራቸው እነዚህ ቃላት መቼም አይሸነፉም፤ በአምስት ዓመት አንዲት ቦኖ የተከለም አስፋፍቻለሁ ማለት ይችላል። ስለዚህ «ከስንት ወደ ስንት? እስከ መቼ?» ይበሉ።

«የንጹሕ መጠጥ ውኃ አቅርቦት ይሻሻላል» የሚለውን እንዲህ ለወጥኩት፦ «አሁን ሰፈራችን ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው። እርስዎ ቢመረጡ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ስንት ቀን ይመጣል?» መልሱ ከ0 እስከ 7 ያለ ቁጥር ነው፤ ከዚያ ውጭ ያለው ሁሉ ንግግር ነው።

«ሁለት ቀን» የሚለውን ከየት አመጣሁት? ግድግዳ ላይ ካለው የቀን መቁጠሪያ። ውኃ የመጣበትን ቀን ሦስት ሳምንት ሙሉ አከበብኩ። ጊዜ ያለው ሰው በ2000 ዓ.ም. በወጣው የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 መሠረት ከውኃ መሥሪያ ቤቱ መረጃ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል፤ መልሱ ግን እስከ 30 ቀን ሊወስድ ስለሚችል ቀደም ብሎ መጀመር ነው።

3. ዕጩው የሚወዳደርበትን ወንበር ይለዩ። ለተወካዮች ምክር ቤት የሚወዳደር ሰው ሕግ ያወጣል፣ በጀት ያጸድቃል፣ አስፈጻሚውን ይጠይቃል፤ ቧንቧ አይዘረጋም። የፌዴራሉና የክልሉ ሥልጣን በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 51 እና 52 ተለይቷል፤ ሁለቱን ማንበብ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የበጀቱን ቀንም ያስታውሱ። የበጀት ዓመቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ሲሆን አዲሱ ፓርላማ ሥራ የሚጀምረው በመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ ነው። ሰኔ 14 ቀን 2013 ድምፅ ተሰጥቶ ምክር ቤቱ የተከፈተው መስከረም 24 ቀን 2014 ነበር፤ የዚያ ዓመት በጀት ቀድሞ ጸድቋል። ታዲያ «በመጀመሪያዎቹ ወራት» እያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ተስፋ ለሚሰጥ ሰው «ከየትኛው በጀት? ምን ተቀንሶ?» ማለት ተገቢ ነው።

4. ስብሰባው ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ይጠይቁ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ሁለትና ሦስት ጥያቄ ከደረደሩ ዕጩው ቀላሏን መርጦ ይመልስና ይቀመጣል። «እንሰብስብ» ለሚለው መድረክ መሪ መድኃኒት ያገኘሁት ከጎረቤቶቼ ጋር ነው፤ ሦስት ሆነን ተራርቀን ተቀመጥን። መልሱ ሲድበሰበስ ሁለተኛው እጁን አውጥቶ ያንኑ ጥያቄ፣ ቃል ሳይለውጥ፣ ደገመው። ሦስተኛው ሲደግመው አዳራሹ ሣቀ፤ ዕጩው ግን አልሣቀም።

ድምፅዎን ከፍ አያድርጉ። «ክቡር ዕጩ» ብሎ የጠየቀ ሰው መልስ ይጠበቅለታል፤ የተቆጣ እንደሆነ ግን ሰዉ የዕጩውን መልስ ትቶ የእሱን ጠባይ ይመዝናል። ቪዲዮ መቅረጽንም አልወደውም፤ ዕጩውን ተዋናይ፣ ሰዉን ፈሪ ያደርጋል። ደብተር ይሻላል። ለሁሉም ዕጩ ያንኑ ጥያቄ ያቅርቡ፤ አለዚያ ማታውኑ «የእነ እገሌ ደጋፊ» ተብለው ይወጣሉ። ብቻዎን አይግቡበት፤ የዕድሩ ሽማግሌዎች ቢያውቁት መልካም ነው።

5. የተመለሰውን ከነቀኑ ይጻፉ፣ ያልተመለሰውንም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ሕዝብ እምነት ያጣበትን ተመራጭ ከቦታው ሊያነሣ እንደሚችል ይላል፤ እኔ ግን ዕጩው ራሱ ደጃችን ድረስ የሚመጣባትን የቅስቀሳ ወር እመርጣለሁ። ዝርዝሩን በዕድራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ አነበብነው። ከአራቱ ዕጩዎች በሦስቱ ስም ፊት «አልመለሱም» ይላል። በአራተኛው ፊት «4 ቀን» ተጽፏል።