የካምፐር ጎማ ለምን ይፈነዳል? ከምልክቱ እስከ መፍትሔው

የካምፐር፣ ማለትም በመኪና የሚጎተት የጉዞ ቤት፣ ጎማ ሲፈነዳ ነገሩ ድንገተኛ ይመስላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጉዳቱ የጀመረው ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከወራት በፊት ነው። የጎታቹ መኪና የፊት ጎማ ንፋስ ሲጎድለው መሪው ይከብዳል፣ ወደ አንድ ጎን ይስባል፤ ሾፌሩም ወዲያው ይነቃል። የካምፐሩ ጎማ ከመሪው ጋር ምንም ግንኙነት ስለሌለው እንዲህ ያለ ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። በተለይ በእያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ጎማ ያለው ካምፐር ከሆነ፣ አንዱ ሲዳከም ጎረቤቱ ሸክሙን ስለሚረከበው፣ ሾፌሩ ችግሩን የሚያውቀው የተቆራረጠ ላስቲክ ከኋላ ሲበተን በመስታወት ሲያይ ነው። ስለዚህ ምልክቱን ወርዶ በዓይንና በእጅ መፈለግ ግድ ይላል።

የጎማው ሁለት ጠርዞች ከመሐሉ ቀድመው ሲያልቁ፣ ወይም አንዱ ጎማ ከሌሎቹ ይልቅ ሲሞቅ

ለዚህ የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የንፋስ ማነስ ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ በእያንዳንዱ ዙር ጎኑ ይተጣጠፋል፣ ተመልሶም ይዘረጋል። ቀጭን ሽቦ ይዞ ወዲህና ወዲያ ያጣጠፈ ሰው መታጠፊያው እንዴት እንደሚግልና በመጨረሻ እንደሚበጠስ ያውቃል፤ በጎማው ውስጥ የሚሆነውም ከዚህ ብዙ አይለይም። ሙቀቱ ላስቲኩን ከውስጠኛው ክርና ሽቦ ጋር ያጣበቀውን ኃይል ያላላዋል፤ አንዴ መላቀቅ ከጀመረ ደግሞ ንፋሱን በኋላ ማስተካከል ጎማውን አያድነውም።

መፍትሔው ንፋሱን ከጉዞ በፊት፣ ጎማው ቢያንስ ለ3 ሰዓት ቆሞ ከቀዘቀዘ በኋላ መለካት ነው። ትክክለኛው መጠን ካምፐሩ ላይ በተለጠፈው የአምራቹ ሠሌዳ ላይ ተጽፏል። ለተጎታች ተብለው የሚሠሩትና በጎናቸው ላይ ኤስቲ የሚል ምልክት ያለባቸው ጎማዎች ሙሉ ሸክማቸውን የሚሸከሙት ከቤት መኪና ጎማ በእጅጉ በሚበልጥ ንፋስ ነው፤ የጭነት ደረጃቸው ሲ የሆነ ብዙውን ጊዜ 50፣ ዲ የሆነ 65፣ ኢ የሆነ 80 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይፈልጋሉ። ዓይን እዚህ ላይ ዳኛ ሊሆን አይችልም፤ 80 መያዝ የሚገባው ጎማ 60 ላይ ወርዶም ሙሉ መስሎ ይታያል። በ65 ፒኤስአይ የተሞላ ጎማ የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀንስ 3 ፒኤስአይ ያህል ስለሚጎድለው፣ ከቆላ ተነሥቶ ደጋ ያደረ ሰው ማለዳ እንደገና መለካት አለበት። በጉዞ መሐል ጎማው ሞቆ ንፋሱ ከፍ ብሎ ቢገኝ ግን ማስተንፈስ አይገባም፤ ጭማሪው የሚጠበቅ ነው፣ ካስተነፈሱት ጎማው ሲቀዘቅዝ ከሚገባው በታች ይወርዳል።

ንፋሱ ትክክል ሆኖ ጎማው አሁንም ከሞቀ

ቀጥሎ የሚመረመረው ክብደቱ ነው። በዚህ ረገድ ብዙዎች የሚሳሳቱት ጠቅላላውን ክብደት ለጎማዎቹ እኩል በማካፈል ነው። በአራት ጎማ ላይ 3,000 ኪሎ ግራም ያረፈበት ካምፐር በወረቀት ላይ ለእያንዳንዱ ጎማ 750 ኪሎ ይደርሰዋል። የጭነት ቁጥሩ (በጎኑ ላይ የሚጻፈው የአቅም መለያ) 100 የሆነ ጎማ 800 ኪሎ ስለሚሸከም ሒሳቡ የተስተካከለ ይመስላል። ነገር ግን ማቀዝቀዣው፣ ምድጃውና ቁም ሣጥኑ በአንድ ጎን ከሆኑ፣ 150 ሊትር ውኃ ማለትም 150 ኪሎ የያዘ ጋንም እዚያው ካረፈ፣ የዚያ ጎን አንዱ ጎማ 850 ኪሎ ሊሸከም ይችላል። ስለዚህ ካምፐሩ ለጉዞ እንደሚወጣ ሆኖ ዕቃና ውኃ ጭኖ፣ ቢቻል እያንዳንዱ ጎማ ለየብቻ፣ ሚዛን ላይ መውጣት አለበት። ከልኩ ካለፈ ውኃውን መቀነስ፣ ዕቃውን ወደ ሌላው ጎን ማዛወር፣ ወይም ቸርኬው የሚችለው ከሆነ የጭነት ቁጥሩ 105 ወደሆነና 925 ኪሎ ወደሚሸከም ጎማ መለወጥ ይቻላል። እኔ እንደማምነው፣ ከልኩ ጋር አፍንጫ ለአፍንጫ ከመሄድ 15 በመቶ ያህል ትርፍ አቅም መያዝ ይሻላል።

ፍጥነትም ከዚሁ ጋር ይታያል። ብዙ የኤስቲ ጎማዎች ሌላ ምልክት ከሌለባቸው በስተቀር የተሠሩት በሰዓት እስከ 105 ኪሎ ሜትር ለመጓዝ ነው።

ሙቀቱ ከጎማው ይልቅ ከመሐሉ፣ ከሞዞው፣ የሚመጣ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ግሪስ ያለቀበት ኩሽኔታ ወይም የተያዘ ፍሬን መኖሩን ያመለክታል። በዚህ ሁኔታ መንገዱን መቀጠል አይገባም።

ጥርሱ በአንድ ወገን ብቻ ሲያልቅ

ምክንያቱ የተጣመመ አክስል ወይም አሰላለፉ የተዛባ ጎማ ነው። ጎማውን ብቻ መቀየር አዲሱን ለዚያው ዕጣ መዳረግ ስለሚሆን፣ አስቀድሞ አክስሉ መለካትና መስተካከል አለበት።

ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ ሲሰነጣጠቅ

ይህ እርጅና ነው። ካምፐር በዓመት ጥቂት ሳምንት ተጉዞ ቀሪውን ጊዜ ፀሐይ ላይ ስለሚቆም ጎማው ጥርሱ ሳያልቅ ዕድሜው ያልቃል። ዕድሜውን ለማወቅ በጎማው ጎን ላይ ዲኦቲ ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች ማንበብ ነው፤ 2319 ቢል ጎማው የተሠራው በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ በ23ኛው ሳምንት ነው። ቁጥሩ በውጪው ጎን ካልተገኘ በውስጠኛው ጎን ስለሚሆን ከሥር ገብቶ ማየት ያስፈልጋል። ከ5 እስከ 6 ዓመት የሞላውን የካምፐር ጎማ መልኩ ቢያምርም መለወጥ ይገባል። በማቆሚያ ጊዜ ጎማውን ከፀሐይ መሸፈን እርጅናውን ያዘገየዋል።

ካምፐሩ ሲንቀጠቀጥ፣ ወይም ጥርሱ ላይ ጉብታ ሲገኝ

መዳፍን በጥርሱ ላይ ዙሪያውን እያንሸራተቱ መዳሰስ ዓይን የሚያልፈውን እብጠት ያገኛል። ጉብታ ማለት ከጥርሱ ሥር የተነጠፈው የሽቦ መረብ ተላቋል ማለት ነው፤ ጥገና የለውም፣ ጎማው በዚያው ቦታ መውረድ አለበት። ባለ ሁለት አክስል ካምፐርን በጠባብ ቦታ አጥብቆ ማዞር ጎማዎቹን በጎን ስለሚጎትትና ይህን መረብ ስለሚያጣምም፣ ቦታው ከፈቀደ ሰፋ አድርጎ መዞር ይመረጣል።

ጎማው በጉዞ ላይ ከፈነዳ

ፍሬን አይረገጥም። የፈነዳው ጎማ ራሱ ካምፐሩን ወደ ኋላና ወደ ጎን እየጎተተው ሳለ መኪናው በድንገት ፍጥነቱን ከቀነሰ፣ ካምፐሩ ከኋላ ገፍቶ ሊያጣጥፈው ይችላል። መሪውን በሁለት እጅ አጥብቆ መያዝ፣ ነዳጁን ለአፍታ ሳይለቁ ቀጥ ብሎ መሄድ፣ ከዚያም እግርን ቀስ በቀስ ማንሣት ነው። ካምፐሩ መወዛወዝ ከጀመረና የኤሌክትሪክ ፍሬን ካለው፣ በመቆጣጠሪያው የእጅ ማዘዣ የካምፐሩን ፍሬን ብቻ በስሱ መያዝ ወደ መስመሩ ይመልሰዋል። ለመቆም የሚመረጠው ቦታ ጠፍጣፋና ከመንገዱ የራቀ ይሁን፤ የፈነዳው ጎማ አንዴ ጠፍቷልና ለእሱ ሲባል ጠባብ ኩርባ ላይ መቆም ትርጉም የለውም። በዝግታ ጥቂት መቶ ሜትር መጓዝ ቸርኬ ቢያበላሽም ሕይወት ያተርፋል።

በመለወጥ ጊዜ ካምፐሩ ከመኪናው አይፈታም፤ በሌላው ጎን ያሉት ጎማዎች በፊትም በኋላም ታኮ ይደረግላቸዋል። ዳዶዎቹ ጎማው መሬት ላይ እያለ ይላላሉ፤ ክሪኩም አምራቹ ባመለከተው የሻንሲ ቦታ ላይ ይገባል እንጂ ሊጎብጥ በሚችለው የአክስል ቱቦ መሐል አይደረግም። ዳዶዎቹ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል ከጠበቁ በኋላ 15፣ 40 እና 80 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ እንደገና ይፈተሻሉ።

ከመነሣት በፊት ከሥር ማየት ያስፈልጋል፤ የሚገረፈው ላስቲክ የፍሬን ሽቦ፣ የፍሳሽ ቱቦና የጋዝ መስመር የመበጠስ ጉልበት አለው። የጋዝ ሽታ ካለ ሲሊንደሩ ይዘጋል። በዚያው ጎን የተረፈው ጎማም ለጊዜው የሁለት ጎማ ሸክም ስለተሸከመ ወርዶ ከውስጥ መመርመር አለበት፤ አንዳች ጥርጣሬ ካለ እኔ ብሆን እለውጠዋለሁ።

በዚያው ቦታ ሁለተኛ ጊዜ ከፈነዳ

እንግዲህ ጥፋቱ የጎማው ላይሆን ይችላል። ባሌስትራው ደክሞ ካምፐሩ ዝቅ ካለ፣ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ከበላዩ ያለውን ብረት ይነካል። ጎማው ከወረደ በኋላ ባትሪ ይዞ የጎማውን ማደሪያ ጣሪያ መመልከት ነው፤ በአቧራው መሐል ተፍቆ የሚያብረቀርቅ መስመር ከታየ፣ አዲሱ ጎማ ከመግባቱ በፊት ባሌስትራው መለወጥ አለበት።