የዲኬተርን የድሮ ፍርድ ቤት አደባባይ እንዴት እንጎብኝ?

ጆርጂያ፣ ዲካልብ ካውንቲ የሚኖር ሐበሻ ዲኬተር መሀል ከተማ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ለጉዳይ ነው፤ ለጋብቻ ፈቃድ ወይም ለፍርድ ቤት ቀጠሮ። ጉዳዩን ይጨርስና ወደ መኪናው። እዚያው አጠገቡ ያለው አደባባይ ግን ሁለት ሰዓት ቢያጠፉበት አያስቆጭም። (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

መጀመሪያ፣ በባቡር ሂዱ። የማርታ (የአትላንታ የከተማ ባቡር) ሰማያዊ መስመር ዲኬተር ጣቢያ አደባባዩ ሥር ነው። ከኤርፖርት የምትመጡ ፋይቭ ፖይንትስ ጣቢያ ላይ ባቡር ቀይሩ።

ከዚያ የድሮውን ፍርድ ቤት ዙሩት። በ1898 የተሠራ የግራናይት ሕንፃ ነው። በ1916 እሳት ውስጡን በላው፤ የድንጋዩ ግድግዳ ስለተረፈ በዚያው ላይ መልሰው ሠሩት። ጠጋ ብላችሁ ድንጋዩን በእጃችሁ ዳስሱት። ዛሬ ውስጡ የካውንቲው ታሪክ ሙዚየም አለ። ቅዳሜና እሁድ ከሆነ የምትሄዱት፣ መከፈቱን ቀድማችሁ አረጋግጡ።

ቀጥሎ የጥቁሮች መብት ታጋዩ የጆን ሉዊስ ሐውልት ጋ ሂዱ። እዚህ አትቸኩሉ። በዚህ ቦታ ከ1908 ጀምሮ ለባርነት የተዋጋው የደቡብ ጦር መታሰቢያ ቆሞ ነበር። ሰኔ 2020 በፍርድ ቤት ትእዛዝ በሌሊት ተነሳ። ነሐሴ 2024 ጃማይካ የተወለደው ቀራጺ ባሲል ዋትሰን የሠራው 12 ጫማ የነሐስ ሐውልት ተተካ። ሉዊስ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። በ1965 አላባማ ውስጥ ሴልማ ድልድይ ላይ ለመምረጥ መብት ሲሰለፉ ፖሊስ ጭንቅላታቸውን የፈነከታቸው፣ በኋላ ይህን አካባቢ ከ30 ዓመት በላይ በኮንግረስ የወከሉት እሳቸው ናቸው። ልጆች ይዛችሁ ከሆነ ታሪኩን እዚሁ ንገሯቸው።

አንድ ሌላም ጨምሩላቸው። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ ወደ ጆርጂያ ከተዛወሩ በኋላ በአላባማ መንጃ ፈቃድ ሲነዱ ተይዘው 25 ዶላር ተቀጥተው፣ ለ12 ወር ገደብ ላይ ነበሩ። ጥቅምት 1960 አትላንታ በሰላማዊ ተቃውሞ ሲታሰሩ፣ የዲኬተር ዳኛ ገደቡን ጥሰዋል ብሎ 4 ወር ከባድ ሥራ ፈረደባቸው። በሌሊት በሰንሰለት አስረው ወደ ሪድስቪል እስር ቤት ወሰዷቸው። የፕሬዚዳንትነት እጩው ጆን ኬኔዲ ለኪንግ ባለቤት ለኮሬታ ደወሉ፤ የኬኔዲ ወንድም ሮበርት ደግሞ ለዳኛው። ኪንግ በዋስ ወጡ። ብዙ ጥቁር መራጮችም ያንን ስልክ አልረሱም፤ ኬኔዲ በጠባብ ልዩነት አሸነፉ። ለአንዲት የመንጃ ፈቃድ ጥፋት ይህ ሁሉ!

ጉልበት ከተረፋችሁ በእግር ወደ ዲኬተር መቃብር ቦታ ዝለቁ። ከተማዋ በ1823 ከመመሥረቷ በፊት የነበረ ነው። ሲርባችሁ የክላርክስተን ከተማ ቅርብ ነው፤ እንጀራ አይጠፋም።