የሲሊኮን ቁስል ጠርዙ እንዳይነሳ

በጅማ ክረምት ለመድረክ ወይም ለቀረጻ የሲሊኮን ቁስል (ከሲሊኮን የተሠራ የውሸት ቁስል) ተዋናይ ላይ የምትለጥፉ፣ ጠርዙ የሚነሳባችሁ ብዙ ጊዜ ሙጫው ሳይደርቅ ስለምትቸኩሉ ነው። እንደ ፕሮስ-ኤድ ያለ ውሃ ያለበት ሙጫ በእርጥብ አየር ቀስ ብሎ ይደርቃል። ባዶ ሲሊኮን ላይ ግን በደንብ አይዝም፤ ጀርባው በስስ ፕላስቲክ ለተሸፈነው ነው የሚሆነው።

መጀመሪያ ቆዳውን በአልኮል ጠርጋችሁ አድርቁ። ሙጫውን በቆዳውም በቁስሉ ጀርባም ሳሳ አድርጋችሁ ቀቡ፤ ወተት የመሰለው ንጣት ጠፍቶ ብርጭቆ እስኪመስል ጠብቁ። መሃሉን አሳርፉና ወደ ዳር እየተጫናችሁ ውጡ። ከዳር ከጀመራችሁ አየር ይታፈንና ያብጣል።

ስታነሱ እባካችሁ አትገንጥሉ፣ የተዋናዩ ቆዳ አብሮ ይላጣል። የሙጫ ማስለቀቂያ ፈሳሹን በብሩሽ ከጠርዙ ሥር አስገቡ፤ ራሱ ይለቃል። ሙጫውንም ከመለጠፋችሁ 24 ሰዓት ቀደም ብላችሁ ክንዱ ላይ ሞክሩለት።