በስታርች ቆዳ ስናለፋ የምንሳሳተው

«ስታርች ነው፣ ምን ከባድ ነገር አለው?» ብለን ነበር የጀመርነው። ብዙ ቆዳ ከሚለፋበት ኬሚካል፣ ከክሮም፣ ጣጣ ለመሸሽ ነው። ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ባለች ጠባብ ግቢ ውስጥ አንድ የፍየል ሌጦ በበቆሎ ስታርች ነከርን። ሲደርቅ ጣውላ ሆነ።

ጥፋታችን ስታርቹን እንዳለ መጠቀማችን ነበር። ሞለኪውሉ ግዙፍ ስለሆነ በቆዳው ክሮች መካከል አይገባም። ላይ ላዩን ተለጥፎ እንደ ሙጫ ይደርቃል፤ ውስጡ ጥሬ ነው። መጀመሪያ በአሲድ ወይም በኢንዛይም መቆራረጥ አለበት። ማጠሩን ለማወቅ አዮዲን ጠብ አድርጉበት። ጥቁር ሰማያዊ ከሆነ ገና ነው።

«ካጠረ በቃ» ማለትም ያሳስታል። ያጠረ ስታርች ቆዳውን ይሞላዋል እንጂ አያለፋውም። ከኮላጅን፣ ማለትም የቆዳው ክር ከተሠራበት ፕሮቲን፣ ጋር የሚያያዘው አልዲሃይድ የሚባለው የሞለኪውል ክፍል ነው። እሱን ከስታርቹ የሚያወጣው ደግሞ ሶዲየም ፔሪዮዴት የሚባል ኬሚካል ነው፤ የስታርቹን የካርቦን ቀለበት በ2ኛውና በ3ኛው ካርቦን መካከል ይሰነጥቀዋል። ውድ ነው። በበረኪና ልተካው ብዬ ቃጥቶኝ ነበር። በረኪና ግን በአብዛኛው የሚያወጣው ካርቦክሲል የሚባል ሌላ ክፍል ነው፤ እሱ ብቻውን ኮላጅንን አይቆልፍም። በዚያ ላይ አሲድ ሲነካው መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይለቃል።

ብዙ ሌጦ ያበላሸብኝ ግን ጥድፊያ ነው። አልዲሃይዱ ከቆዳው ጋር አጥብቆ የሚያያዘው አልካላይ (የአሲድ ተቃራኒ) ሲያገኝ ነው። ይህን እንደሰማሁ ገና ከጅምሩ ቤኪንግ ሶዳ ጨመርኩ። ላዩ ወዲያው ተቆለፈ፣ ተጨማደደ፤ መሃሉ ጋ ምንም አልደረሰም። ስታርቹ መግባት ያለበት ቆዳው ጨውና አሲድ ጠጥቶ፣ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) 4 ገደማ ሳለ ነው። እስኪሰርግ ይጠበቃል። ከዚያ ሶዳው በውሃ ተበጥብጦ፣ ጠብ ጠብ እየተደረገ፣ ለሰዓታት፣ ፒኤቹ ወደ 8 እስኪጠጋ። ከአቦል እስከ በረካ ቁጭ ማለት የሚችል ሰው ይህ አያቅተውም።

የድሬን ሙቀትም አትርሱ። ስታርች ለሻጋታና ለባክቴሪያ ምግብ ነው። የዛሬውን ብጥብጥ ለነገ አታሳድሩ።

ከክሮም ጋር ማወዳደርም ፍርድ ያዛባል። ጥሬ ቆዳ ከ60 እስከ 65 ዲግሪ ሲሞቅ ይኮማተራል። በክሮም የለፋው ከ100 በላይ ይችላል። በስታርች ብቻ የለፋው 80 አካባቢ ነው። ስለዚህ የፈላ ውሃ ውስጥ ነክሮ «አልሰራም» ማለት አያስኬድም። በሙቀት ለሚቀረጽ ጫማ አይሆንም፤ ሐረር ለሚታወቅበት የመጽሐፍ ጥረዛ ግን ነጣ ያለው መልኩ ቀለም ለመቀበል ደስ ይላል።

ፍሳሹን «ተፈጥሯዊ ነው» ብሎ ደቻቱ ወንዝ ውስጥ መድፋት ደግሞ አለ። ስታርች ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ያልታጠበ የፔሪዮዴት ቅሪትም አብሮት ይሄዳል። ደቻቱ እንደሆነ ዓመቱን አብዛኛውን አሸዋ ነው፤ የሚያጥበው ውሃ የለውም።